ሁለት መቶን ፍለጋ

ሰው ሃምሳ ዓመት ካለፈው በኋላ የሚገዛው ዕቃ ሁሉ በልጅነቱ የተነፈገው ነው። አንዱ ብስክሌት ይገዛል፤ ጉልበቱ አይታዘዘውም። ሌላው ጊታር ይገዛል፤ ጎረቤቱ ያዝናል። አብሮ አደጌ ሰለሞን ደግሞ፣ ሲነሳ የሲ.ኤም.ሲን ውሻ ሁሉ የሚያስጮህ ባለ ተርቦ ነጭ መኪና ገዛ። ሁለታችንም ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው ያደግነው። ለኛ ሰፈር ልጅ መኪና ማለት ዳገት ላይ ሲያቃስት ከኋላ የሚገፉት ነገር ነበር።

የሰለሞን ምኞት አንድ ነው፤ በሰዓት ሁለት መቶ። ግን የት? መገናኛ ላይ? እዚያ እኮ ሃያም ከተገኘ ስለት ይገባል። ስለዚህ መኪና ወዳድ ወጣቶች ከከተማ ወጣ ብሎ፣ ለአንድ ጠዋት በተዘጋ ቀጥ ያለ መንገድ ላይ የፍጥነት ውድድር ማሰናዳታቸውን ሲሰማ ቀድሞ ተመዘገበ። መኪኖቹ ተራ በተራ ይበራሉ፣ ጫፍ ላይ የቆመው መሣሪያ ፍጥነታቸውን ይለካል፤ በቃ።

ሳምንት ሲቀረው ደወለልኝ። ድምፁ ልክ አልነበረም። ዓይኑን ሲመረመር የዓይን ግፊት ጎድቶት ተገኘ፤ በጎን በኩል ያለው እይታው እየጠበበ ነው። ሐኪሙ ከእንግዲህ መሪ እንዳትጨብጥ ብሎታል። የማጽናኛ ቃል ስፈልግ እሱ ቀደመኝና፣ «ስለዚህ አንተ ትነዳለህ፣ እኔ አጠገብህ እቀመጣለሁ» አለኝ።

እኔ! በሰዓት ስድሳ ካለፍኩ ባለቤቴ ዳዊት የምትደግምብኝ የሂሳብ አስተማሪ! ግን ዓይኑን ለሚሰናበት ሰው እምቢ ይባላል?

እሁድ ጠዋት ደረስን። ተወዳዳሪዎቹ የተማሪዎቼ እኩዮች ናቸው። አንዱ ሄልሜት ሲያጠልቅልኝ፣ «ፋዘር፣ ሪላክስ ይበሉ፣ ጀስት ነዳጅ ይስጡት» አለኝ። ፍሬን ስለሚባል ነገር ምንም አላነሳም።

ባንዲራው ወረደ፤ ረገጥኩ። መቶ። መቶ ሃያ። የመንገድ ዳር ዛፎች ተያይዘው አጥር ሆኑ። ሰለሞን «ጨምር!» ይላል፣ እጨምራለሁ። መቶ ስልሳ ላይ በዓይኔ ጠርዝ አየሁት፤ አፉ «ጨምር!» እያለ ቀኝ እግሩ የመኪናውን ወለል ባለ በሌለ ኃይሉ ረግጧል። ለካ ሰውዬው ፍሬን እየያዘ ነው!

ያኔ ልጅነታችን መጣብኝ። ከእንጦጦ ግርጌ፣ በኩሽኔታ ጎማ በሠራናት የእንጨት ጋሪ ቁልቁል ስንወረወር እኔ መሪ ነበርኩ፣ ሰለሞን ደግሞ ፍሬን። ከኋላዬ ተቀምጦ በጫማው ተረከዝ አስፋልቱን እየፋቀ ያቆመናል። ስንት ጫማ በልቶ ስንት ጊዜ ተገርፏል! እኔ ለዚህ ዕድሜ የበቃሁት በሱ ተረከዝ አይደለም ወይ? ሳቄ አመለጠኝ፤ ሳቅ ደግሞ እግር ያላላል። መሣሪያው መቶ ስልሳ ሦስት አለ። ከመጨረሻ ሁለተኛ ወጣን። የመጨረሻው ሞተሩ አልነሳ ያለው ነው።

ይቆጣኛል ብዬ ስፈራ፣ ስንመለስ ሾላ ገበያ አካባቢ፣ «ቤቴ አትውሰደኝ፤ በፈረንሳይ በኩል እንለፍ» አለኝ።

ዳገቱን ስንጀምር «ቀስ በል» አለ። ቀነስኩ። «አሁንም ቀስ።» አሥር ላይ ወረድን። ዓይኑ በጎን አልይዝ ስላለው ጭንቅላቱን በሙሉ ወደ ግራ ወደ ቀኝ እያዞረ ያያል። የጋሽ ሀሰን ሱቅ። ኳስ እየገባብን የምንለምንበት ግቢ። እናቱ ቆማ የምትጠራበት በር። በሩን ስናልፍ ክንዴን ያዘኝ።

«መልሰኝ። በደንብ አላየሁትም።»

ባለ ተርቦዋን መኪና ኋላ ማርሽ አስገብቼ፣ ዳገት ላይ፣ በኤሊ እርምጃ መለስኳት። ከኋላችን የተሰለፈው መኪና ሁሉ ጡሩምባውን ለቀቀው። አንድ የታክሲ ሹፌር ታጥፎ አጠገባችን ደረሰና፣ «አባባ፣ ለማጅ እኮ የሚወጣው ሜዳ ላይ ነው!» ብሎ ጮኸብኝ።

ሰለሞን ዓይኑን ከበሩ ላይ ሳይነቅል እጁን በመስኮት አውጥቶ መለሰለት።

«ታገሠው ወንድሜ፣ የመጀመሪያ ቀኑ ነው!»