አዲሱ የመኪናዬ ኮምፒውተር ሲጠረጥረኝ

ዘንድሮ መኪና የሚታመመው በዝምታ ነው። ድሮ ቢያንስ ያጨስ፣ ዘይት ያንጠባጥብ፣ ይንኳኳ ነበር፤ በሽታውን በዓይንህ ታየዋለህ፣ በጆሮህ ትሰማዋለህ። አሁን ግን ዳሽቦርዱ ሥር የተደበቀ፣ መጽሐፍ የሚያክል የቆርቆሮ ሣጥን አለ፤ ኮምፒውተር ይሉታል። ሕመሙን የሚናገረው ለሌላ ኮምፒውተር ብቻ ነው። ሁለቱ ስለ አንተ ንብረት በማታውቀው ቋንቋ ሲያወሩ፣ አንተ ምንድን ነህ? ምስክር እንኳ አይደለህም።

የእኔዋ ፒክአፕ ቀጥ ያለችው አሶሳ መውጫ ላይ፣ የሐጃ ሐዋን ማንጎ እስከ አፍ ገደፏ እንደጫነች ነው። ሐጃ ማንጎ የሚነግዱ የበርታ ሴት ናቸው። ያ ጭነት የዓመት ልፋታቸው ነው፤ በስሏል። የሚረከባቸው የጭነት መኪና ባምባሲ ቆሟል፤ ከአሥር ሰዓት በኋላ አይጠብቅም። ሐጃ ከጋቢና ወርደው ማንጎውን ዳበሱና “ያ አኺ፣ ወንድሜ፣ ይሄ ነገ ሾርባ ነው” አሉኝ።

ታደሰ የሚባል መካኒክ ጋራዥ ተጎትተን ገባን። ላፕቶፑን ሰክቶ ትንሽ አየና “ጋሼ፣ ኮምፒውተሩ ሞቷል” አለኝ። እኔ ሰው ሞተ ሲባል እንኳ ቀብር ሳልደርስ አላምንም። ፊውዙን አስፈተሽኩት፤ ደህና ነው። ሽቦውን አስፈተሽኩት፤ ደህና ነው። የታመመው ላፕቶፑ ራሱ ቢሆንስ አልኩት። በረጅሙ ተንፍሶ ሌላ መኪና ላይ ሰካው፤ እዚያ እንደ ጎረቤት ይለፈልፋል። በመጨረሻ ሣጥኑን ከፈተው፤ ዝናብ ገብቶበት ውስጡ አረንጓዴ ዝገት አብቅሏል። አመንኩ፤ በከፊል።

ከተጋጨች ተመሳሳይ መኪና የተፈታ ሌላ ኮምፒውተር አመጣ። ያቺን ያጋጫት ይሄው ኮምፒውተር አለመሆኑን በምን አውቃለሁ ስለው፣ “ያጋጫት ሾፌሯ ነው ጋሼ፤ እሱን ፈትቼ አልገጥምልህም” አለኝ።

ገጠመው። ሞተሩ አልነሳም አለ። አዲሱ ኮምፒውተር ቁልፌን ስለማያውቀው ሌባ ነው ብሎ ጠርጥሮኛል አሉ። በገዛ መኪናዬ! ከእኔ ጋር ለማስተዋወቅ ደግሞ ሁለት ቁልፍ መቅረብ አለበት። “ትርፉ ቁልፍ አለህ አይደል?” አለ ታደሰ።

የለኝም አልኩ።

እዚህ ላይ አትፍረዱብኝ። ወደዚህ አገር የመጣሁት በሰፈራው ጊዜ፣ በልጅነቴ ነው። የምተኛው ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር አንድ ዳስ ውስጥ ነበር። ንብረቴ አንድ ብርድ ልብስ ነው፤ እንዳይወሰድብኝ ጫፉን በገመድ ከእግሬ ጋር አስሬ እተኛለሁ። አንድ ጠዋት ስነቃ እግሬ ላይ ገመዱ ብቻ ቀርቷል። ከዚያ ወዲህ “አለህ?” ሲሉኝ መልሴ አንድ ነው። ትርፍ ቁልፍ እንዳለኝ ሚስቴም አታውቅም።

“እንግዲያው አዲስ አበባ መላክ ነው፤ ሳምንት ይፈጃል” ብሎ ታደሰ ላፕቶፑን ሊከድን ጀመረ። ሐጃ አልጮኹም፣ አላለቀሱም። በተከናነቡት ቶብ ጫፍ ከማንጎው ላይ ዝንብ ያባርራሉ። ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር።

ከመኪናው ጀርባ ዞሬ ሸሚዜን ፈታሁ፤ በቆዳ ሰፍቼ አንገቴ ላይ ያንጠለጠልኩትን ቁልፍ ቀድጄ አወጣሁ። ቀና ስል ሁለቱም ቆመው ያዩኛል። ታደሰ “ኧረ ጋሼ!” አለ። ሐጃ አፋቸውን ያዙ፦ “ወላሂ፣ እኔ ክታብ መስሎኝ! ስንት ጊዜ ‘ይሄ ሰው አላህን ይፈራል’ አልኩ!”

ሞተሩ ተነሳ። የጋቢናውን በር ከፈትኩላቸው። አልገባም አሉ። “ሚስትህ የማታውቀው ቁልፍ ካለ፣ እኔ የማላውቀው የማንጎ መደበቂያም ይኖራል” ብለው ከኋላ ወጡና ጭነቱ ላይ ተደላደሉ።

ባምባሲ በሰዓቱ ደረስን። መንገዱን ሙሉ በመስታወቱ አያቸው ነበር፤ ባየሁ ቁጥር እያዩኝ ነው። በዚያ ጉዞ ላይ እኔን ያመነኝ ኮምፒውተሩ ብቻ ነበር።