ውሃ ላይ የተቃጠለው ስፌት ቤት

ድሮ ሰው ሲበድልህ በዳይህን ታውቀው ነበር። ሽማግሌ ትልክበታለህ፤ እምቢ ካለም ለአላህ ትነግረዋለህ። ዛሬ ግን ማንም አይበድልህም፤ የሚበድልህ «ሲስተሙ» ነው። ለመሆኑ የሲስተም ቤቱ የት ነው? ሽማግሌስ ቢላክበት በየትኛው በር ይገባል?

ይህን የምለው በታላቅ እህቴ በዘሀራ የደረሰውን አይቼ ነው። ዘሀራ ሐይቅ ከተማ፣ ከመናኸሪያው ማዶ፣ ስፌት ቤት ነበራት። በእሷ እጅ ያልተሰፋ ቀሚስ የለበሰች ሙሽራ ሙሽራ አትመስልም ይባላል። ባይዋ ራሷ ናት፤ ግን እውነቷን ነው። ጎረቤቷ ያለ ሱቅ የተቃጠለ ጊዜ ደንግጣ ደሴ ወጣችና የእሳት መድን ገባች። ያኔ አንድ ሰውዬ ከድርጅቱ መጥቶ፣ ግድግዳውን መታ መታ አድርጎ፣ ሻዩን ጠጥቶ፣ ያረጀውን የመብራት ሽቦ አስቀይሯት ነበር የሄደው።

ኋላ ድርጅቱ ዘመነ። ውሉን ወደ ስልክ ሊያዛውሩ የመጡት ከረባት ያሰሩ ልጆች፣ ከእንግዲህ ሰው መላክ ቀርቷል፣ ሥጋትን የሚመዝነው ኮምፒውተር ነው፣ አይደክመው፣ አያዳላ አሉን። ሻይም አይጠጣ ብዬ እኔም ደስ አለኝ።

አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ አርፍዶ ዙህር ላይ ከነጉልበቱ ተመለሰና ስፌት ቤቱን አቀጣጠለው። ዘሀራ ሶላት ላይ ነበረች። ሰዉ በጄሪካን ውሃ ይዞ ሲደርስ የተረፈው የስፌት መኪናዋ ብረት ብቻ ነው። የአንዲት የውጫሌ ሙሽራ ቀሚስም አብሮ ነደደ። የሙሽራዋ እናት መጥተው አመዱን አዩና፣ «አብሽሪ፣ ነፍስሽ እንኳን ተረፈች» ብለው አቀፏት። ዘሀራ ያለቀሰችው ያኔ ነው።

ካሳውን በስልክ ጠየቅን። መልሱ ወዲያው መጣ፤ ዲጂታል አይደል? ጥያቄዎ ውድቅ ሆኗል ይላል። ምነው ብለን ደሴ ወጣን።

አንዲት ወጣት ሠራተኛ ስክሪኑን ወደኛ አዞረችው። አድራሻ፦ ሐይቅ። የቦታው ዓይነት፦ ውሃ። ኮምፒውተሩ የከተማችንን ስም አንብቦ ስፌት ቤቱን ከነጣሪያው ከሐይቁ መሃል አስቀምጦታል። ቢሰምጥ ይከፍላል። ተቃጠለ ከተባለ ግን፣ ውሃ ላይ ያለ ንብረት ስለማይቃጠል፣ ማጭበርበር ሊሆን ይችላል ብሎ ጠርጥሯል።

ዘሀራ ልጅቷን ትኩር ብላ አይታ፣ «ልጄ፣ እኔ ዓሣ ነኝ እንዴ?» አለቻት።

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። «መች አጣሁት፣ እትዬ ዘሀራ! እኔም እኮ የሐይቅ ልጅ ነኝ። ሚዜ ስሆን የለበስኩት እርስዎ የሰፉትን ነው።»

ታዲያ አስተካክይዋ አልኳት። አትችልም። ሥራ አስኪያጁም አይችሉም። እንዲያውም እሳቸው፣ ቤቱ መቃጠሉንስ በምን እናውቃለን አሉኝ። መጥተው ይዩት ብላቸው፣ ከዘመንን ወዲህ ከቢሮ መውጣት ቀርቷል አሉ። እሳት ካየው ምን ለየው ይላል ያገሬ ሰው፤ ኮምፒውተር ያላየውንስ ምን ይለው ይሆን? ደሴና ሐይቅ ማለት እኮ የሚኒባሱ ረዳት ሒሳብ ሰብስቦ ሳይጨርስ የሚደረስበት መንገድ ነው!

አቤቱታችን አዲስ አበባ ሄደ። ወራት አለፉ። ዘሀራ ከጎረቤቷ ከእማማ አስካለ የስፌት መኪና ተውሳ የሙሽራዋን ቀሚስ እንደገና ሰፍታ ለሠርጉ አደረሰች። የሱቁን ቦታ ግን አከራዩ ለሌላ ሰጠው።

በመጨረሻ መልእክት መጣ፤ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ስሕተቱ ታርሟል፤ ስለታገሱን እናመሰግናለን፤ ንብረትዎ ከዛሬ ጀምሮ የሚገኘው በየብስ ላይ ነው። እሰይ ብዬ ቀጠልኩ። ሆኖም በየብስ ላይ ያለው ንብረትዎ እሳቱ በተነሣበት ዕለት እኛ ዘንድ መድን ስላልነበረው ካሳ አይከፈልበትም።

ዘሀራ ድገመው አለችኝ። ደገምኩላት። መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካችና፣

«ያረቢ!» አለች፤ «ምነው ያኔውኑ በሰመጥኩ!»