አንድ ጣቢያ ቀድሞ መውረድ

ሰው ሳይለፋ ከሚያገኛቸው ነገሮች አንዱ ስም ነው። እናትና አባት የሚያወጡልንን ማለቴ አይደለም፤ መሥሪያ ቤት የሚያወጣልንን ነው። አንድ ቀን ለባልደረቦችህ ብስኩት ካካፈልክ ቸር ትባላለህ፤ ሁለት ቀን ካረፈድክ ደግሞ ሥራ እስክትለቅ ድረስ አርፋጅ ነህ። እኔ ሳን ሆዜ ውስጥ የኮምፒውተር ቺፕ መሥሪያ ማሽን በሚያመርት ድርጅት ቴክኒሻን ሳለሁ የወጣልኝ ስም "የታሪክ ሰው" የሚል ነበር። ዘጠናዎቹ መገባደጃ ላይ ነው። ልብ በሉ፣ በተማሪነቴ ከታሪክ አስተማሪዬ ጋር ዓይን ለዓይን የምንተያየው ስቀጣ ብቻ ነበር። ስሙ እንዴት እንደወጣልኝ ላውጋችሁ፤ ሰምታችሁ ስታበቁ ብትነጥቁኝ አልቀየማችሁም።

ነገሩ የሚጀምረው ኦክላንድ ነው። በዲቪ የመጣሁ ሰሞን እትዬ አስካለ ቤት አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። እትዬ አስካለ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ይሠራሉ፤ ቀን ሲጦሩ ውለው ማታ ደግሞ እኔን ይጦሩኛል። ያን ዓመት የካቲት ላይ እናታቸው ደሴ ዐረፉ። ቀድመን የሰማነው እኛ ነን፣ እሳቸው አይደሉም። ከዚያ የሆነውን ታውቁታላችሁ። ስልክ ለስልክ ተጠራርተን፣ ከሪችመንድም ከሬድውድ ሲቲም ሰው ተጠርቶ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሃያ አንድ ሰው በአራት መኪና ታጭቆ አፓርታማው ፓርኪንግ ውስጥ ተሰበሰበ። እኔም ከውስጥ ሹልክ ብዬ ወጥቼ ተቀላቀልኩ። ጎህ ሳይቀድ ጥቁር ለብሰው የሚንሾካሾኩ ሰዎች ያየ ጎረቤት ፖሊስ ቢጠራ አይፈረድበትም፤ ጠራም። ፖሊሱ ነገሩን ስናስረዳው "እስካሁን አልሰማችም ማለት ነው?" ብሎ ጠየቀና እሱም ድምፁን ዝቅ አደረገ። እስክንገባ ድረስ ከመኪናው አጠገብ ቆሞ ነበር።

የተቸገርነው በታናሽ እህታቸው ነው። እትዬ ጽጌ ለትምህርት ጀርመን ሄደው በዚያው የቀሩ፣ አንዲት ትንሽ ከተማ ሆስፒታል ውስጥ የሚሠሩ ሴት ናቸው። በዚያች ከተማ ከእሳቸው በቀር የእኛ ሰው የለም። መርዶ ደግሞ በስልክ አይነገርም። ዛሬ ዛሬ መርዶው ከልደት መልካም ምኞት ቀጥሎ ስልካችን ላይ ብቅ ሲል ምንም አይመስለንም፤ ያኔ ግን ነውር ነበር። ስልኩን እንደያዘ ጉልበቱ የከዳውን ሰው ማን ደግፎ ይይዘዋል? ስለዚህ ቤተሰቡ በሙሉ፣ የደሴውም የኦክላንዱም፣ ተማምሎ ዋሸ። እትዬ ጽጌ በደወሉ ቁጥር እማማ ጠበል ሄደዋል። እትዬ ጽጌም እንደ ድሮው በየወሩ ለእናታቸው በእጃቸው የሠሩትን የሱፍ ካልሲ ይልካሉ። ካልሲው ደሴ ሣጥን ውስጥ ይጠራቀማል።

መስከረም ሊጠባ ሲል ድርጅቴ ማሽን እንድተክል ለአምስት ሳምንት ጀርመን ሊልከኝ ወሰነ። እትዬ አስካለ ሲሰሙ እጃቸውን ወደ ጣሪያው ዘረጉ።

"ዳኜ፣ ይሄን ቢዝነስ ትሪፕ ያመጣው እግዜር ነው! ዊኬንድ ኦፍ አይደለህ? ባቡር ያዝና ሂድልኝ። እኔ ኮል አድርጌ፣ አንድ ልጅ እሁድ ዕቃ ይዞልሽ ይመጣል እላታለሁ። ከዚያ አንተው..." አልጨረሱትም።

"እሺ እትዬ" አልኩ። እሺ ለማለት አንድ ትንፋሽ ይበቃል። ሻንጣዬ ውስጥ ጥቁር ጥለት ያለው ነጠላና የእናታቸውን ፎቶግራፍ ከተቱልኝ።

የመጀመሪያው እሁድ ቲኬቴን እስከ እትዬ ጽጌ ከተማ ቆረጥኩ። ባቡሩ በየመንደሩ የሚቆም ዓይነት ነው፤ የከተሞቹ ስም ወይ በ"በርግ" ወይ በ"ሃይም" ያልቃል። መቀመጫዬ ላይ ሆኜ ሳሰላ ለካ የምደርሰው ረፋድ ላይ ነው። መርዶ ደግሞ በማለዳ እንጂ ሰው ቁርሱን በልቶ፣ ፀሐይ ሞቆ ይነገራል? ወግ አጥባቂነቴ ያን ቀን ድንገት ተነሣብኝና ሦስት ጣቢያ ሲቀረኝ ወረድኩ። ወርጄ ምን ልሥራ? ከተማዋን አየሁ። የድንጋይ ቅጥር አላት፣ ድልድይ ያለው በር አላት፣ ጎናቸው የተንጋደደ የእንጨት ቤቶች አሏት። አንድ ጥቅልል ፊልም ጨረስኩባት።

በሁለተኛው እሁድ ዝናብ ነበር። በዝናብ መርዶ ደስ አይልም ብዬ ሁለት ጣቢያ ሲቀረኝ ወረድኩ። (መርዶ በየትኛው አየር ደስ እንደሚል እንዳትጠይቁኝ።) እዚያ አንድ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ አስጎብኚው ሁለት መቶ ዓመት ፈጅቶ ነው የተሠራው አለን። ምን ፈርተው ይሆን ብዬ አሰብኩ። ያን ቀን ምሽቱን እትዬ አስካለ ሆቴል ደወሉ።

"አገኘሃት?"

"ሥራ በዛብኝ እትዬ።"

"በእሁድ?"

"በእሁድም አለ።"

በሦስተኛው እሁድ አንድ ጣቢያ ሲቀረኝ ወረድኩ። አንድ የድንጋይ ማማ ላይ ወጣሁ፤ ደረጃው ያስለከልካል። ከላይ ሆኜ ሳይ ወንዙ ከሚታጠፍበት ወዲያ የቀይ ጣሪያዎች ክምችት ይታያል። አንድ ሽማግሌ ጀርመን ጠቆሙኝና የከተማዋን ስም ነገሩኝ። የእትዬ ጽጌ ከተማ ነበረች። ካሜራዬን አላነሳሁም። በራሴ አፈርኩ፤ እውነቱን ለመናገር ያን ቀን በጣም አፈርኩ።

በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜውኑ ሄጄ እንግዳ ማረፊያ አደርኩ። እሁድ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ገና ሳይነጋ፣ ነጠላውን በብብቴ ይዤ፣ አንድ ትልቅ ግንብ ሥር አልፌ፣ አድራሻውን አገኘሁ። የመላው ሰፈር መስኮት ጨለማ ነው፤ የሳቸው ብቻ በርቷል። ደወሉን ሳልጨርስ በሩ ተከፈተ። አጭር፣ ጠይም፣ ጥቁር ቀሚስ የለበሱ ሴት ናቸው።

"አንተ ነህ? ግባ። ሦስት እሁድ ጠበቅሁህ" አሉኝ።

ገባሁ። ስድስት ወንበሮች በግድግዳው ዙሪያ ተደርድረዋል። ሁለቱ የራሳቸው ናቸው፤ አራቱ ከጎረቤት የተዋሱ፣ ቁመታቸውም ቀለማቸውም የማይገናኝ።

"ስንት ሆናችሁ እንደምትመጡ አላወቅሁም" አሉና በትከሻዬ ላይ አሻግረው ወደ ደረጃው ተመለከቱ። ከእኔ ሌላ ሰው አልነበረም።

"ያውቃሉ እንዴ እትዬ?"

"ስምንት ወር ሙሉ ጠበል ውስጥ የሚኖር ዓሣ ብቻ ነው።"

"ታዲያ ካልሲውን ለምን ይልካሉ?"

"ካልላክሁማ ማወቄን ያውቃሉ። ማወቄን ካወቁ ማን ይመጣልኛል?" አሉ። ከዚያ አንዱ ወንበር ላይ ተቀመጡና እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣመሩ። "በል አሁን እንደ ወጉ ንገረኝ።"

"እማማ ዐረፉ" አልኩ። ሦስት እሁድ የሸሸሁት ነገር ሁለት ቃል ነበር።

ጩኸታቸውን አልገልጽላችሁም። ስምንት ወር የታፈነ ነገር ነው። እኔም አብሬ አለቀስኩ፤ ለማላውቃቸው እናት፣ ለሦስቱ እሁዶች፣ ለባዶዎቹ ወንበሮች። ትንሽ ቆይቶ በር ተንኳኳ። ጀርመኖች በእሁድ ማለዳ ጩኸት አይወዱም፤ የታችኛው ቤት አሮጊት በሌሊት ልብሷ ቁጣዋን ይዛ መጥታለች። እትዬ ጽጌ አንድ አጭር ነገር በጀርመንኛ ነገሯት። አሮጊቷ አፏን ያዘች፤ ከዚያ ገብታ ራሷ ያዋሰችው ወንበር ላይ ተቀመጠች። እስከ ቀትር አልተነሣችም።

ፎቶግራፉን ስሰጣቸው እትዬ ጽጌ ያዩት ፊቱን አይደለም። እማማ አልጋ ላይ ተቀምጠዋል፣ እግራቸው ላይ ግራጫ የሱፍ ካልሲ አለ።

"ልክ ሆኗታል" አሉ እትዬ ጽጌ፣ እግሩን በጣታቸው እየዳሰሱ።

ሳን ሆዜ ስመለስ ፎቶዎቼን ምሳ ሰዓት ላይ ጠረጴዛ ላይ ዘረገፍኩ። አሜሪካኖቹ ተገረሙ። እነሱ ጀርመን ሲላኩ ከሆቴል ቢራ ቤት፣ ከቢራ ቤት ሆቴል ነው፤ እኔ ግን በየእሁዱ አንድ ታሪካዊ ከተማ! ስሜ ያን ቀን ወጣ። ባልደረባዬ ዳግ "ከሁሉም የቷ ታምራለች?" አለኝ።

"የመጨረሻዋ።"

"ፎቶዋስ?"

"አላነሳሁም።"

ዳግ በአክብሮት ራሱን ነቀነቀ። የእውነት የታሪክ ሰው ከሁሉ የሚያምረውን በልቡ ነው የሚይዘው ብሎ ለሌሎቹ አስረዳልኝ።

ለገና በዓል ተዋጥተው የአውሮፓ ጥንታዊ ከተሞች ያሉበት የግድግዳ ካላንደር ሰጡኝ። ሳገላብጥ ጁን ላይ የእትዬ ጽጌ ከተማ ቁጭ ብላለች። ያ ሥሩ ያለፍኩት ግንብ ለካ ሰው ከዓለም ዳርቻ ሊያየው የሚመጣው ነው። ከግንቡ ጎን መስኮቶች ተደርድረዋል። ካላንደሩን ይዤ በቀጥታ ወደ ኦክላንድ ነዳሁ።

እትዬ አስካለ መነጽራቸውን አድርገው ብዙ አዩት። "የትኛው ነው መስኮቷ?" አሉኝ።

እርግጠኛ አልነበርኩም። ቢሆንም ጣቴን አንዱ ላይ አሳረፍኩ። ስለ ሦስቱ እሁዶች ያን ቀንም አልተናዘዝኩም፤ እትዬ ጽጌም አልነገሩብኝም። ይኸው ለእናንተ ነገርኩ። እትዬ አስካለ ካላንደሩን ጁን ላይ ገልጠው ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። ሄዳችሁ ብታዩ፣ ኦክላንድ እትዬ አስካለ ቤት እስከ ዛሬ ጁን ነው።