ሞጣ ላይ የተሸጠው ቆርቆሮ

በእኛ አገር መርዶ ወግ አለው። የሥጋ ዘመድ ሲሞት ማንም በስልክ «ሞተብህ» ብሎ አይወረውርም። ጎረቤት ቀድሞ ይሰማል፤ ጎህ ሳይቀድ ሽማግሌዎች በር ያንኳኳሉ፤ ባለሐዘኑ የሚሰማው ከሁሉ መጨረሻ ነው። እስከዚያው ያገር ሰው ሁሉ ዋሾ ይሆናል፤ ለደግ ነው ተብሎም ይታለፋል። መቼም እናንተም አንድ ቀን ሳትዋሹ አልቀራችሁም።

ጎረቤቴ ጋሼ ይርጋ ብቸና ላይ ቆርቆሮና ሚስማር ይሸጣሉ፤ ታናሽ ወንድማቸው ስሜነህ ደግሞ ሞጣ ላይ። አምና የሁለቱንም ሱቅ ሽያጭ በስልክ የሚያሳይ ሶፍትዌር አስገቡ። «ዕቃው ሁሉ ክላውድ ላይ ይመዘገባል፤ ክላውድ ማለት ደመና ነው» ሲባሉ ጋሼ ይርጋ ቀና ብለው ሰማዩን አዩ። ብቻ ወደዱት። ሞጣ ላይ አንድ ኪሎ ሚስማር ሲሸጥ ብቸና ስልካቸው ይጮኻል፤ የሻጩም ስም አብሮ ይወጣል።

ዘንድሮ ስሜነህ ታመመ። ሱቁ ተዘጋ፤ ስልኩም ዝም አለ። አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ጋሼ ይርጋ ጠበል በጀሪካን ይዘው ሊነሡ ሲሉ ለስሜነህ ሚስት ለየሺ ደውለው «መጣሁ» አሏት። ብዙም አልቆየ፣ ስልኩ ጮኸ። ስሜነህ፣ ቆርቆሮ። ቀጥሎ ስሜነህ፣ ሚስማር። ስሜነህ፣ ቀለም።

«ወንድሜ ተነሣ» አሉ። ቢደውሉለት አያነሣም። «ደንበኛ በዝቶበት ነው፤ ነገ እሄዳለሁ» ብለው እኛን ጎረቤቶቻቸውን ቢራ ጋበዙን። እንደዚያ ቀን ሲስቁ አይቼ አላውቅም።

ቢራውን ጠጥቼ ቤቴ ስገባ የሞጣ ሽማግሌዎች ይጠብቁኝ ነበር። ስሜነህ ያረፈው ጠዋት ነው። ሽማግሌዎቹ የጋሼ ይርጋን መምጣት ከየሺ ሲሰሙ፣ መርዶ ሳይነገራቸው ለቅሶው ላይ ብቻቸውን እንዳይደርሱ ፈርተው፣ የሟቹን ስልክ ከፍተው በስሙ ያልተሸጠ ቆርቆሮ ሸጡ። ጎህ ሲቀድ የጋሼ ይርጋን በር አብሬያቸው አንኳኳሁ።

«ወንድሜ ተገንዞ ተኝቶ እኔ ስስቅ ዋልሁ» አሉኝ ከቀብር መልስ። «እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።»

ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው ይባላል፤ መድኃኒትም ሲበዛ እንዲህ ያደርጋል። ሽማግሌዎቹን እንዳልወቅስ የሠሩት ለደግ ነው። ደመናውንም እንዳልወቅስ የነገሩትን ነው የተናገረው።

አሁን የሞጣውን ሱቅ የያዘችው የሺ ናት። ሽያጩ ከነስሟ ይመጣል። ጋሼ ይርጋ አይተው፣ መነጽራቸውን አውልቀው ይደውሉላታል።

«ሽያጩን አይቻለሁ የሺዬ» ይሏታል። «እስቲ ድምፅሽን አሰሚኝ።»