የሽሪምፕ ቅርፊትና ሦስተኛው ድስት

በዚህ ዓለም ላይ ሳይነበቡ ቢቀሩ ማንንም የማይጎዱ ጽሑፎች አሉ። አንዱ የመድኃኒት ማሸጊያ ላይ ያለው ነው። ሰው መድኃኒቱን ይወስዳል፣ ይሻለዋል፣ ማሸጊያውን ይጥላል፤ ምን ጎደለ? እኔን መሰል ሰው አጠገቡ ከተቀመጠ ግን ነገር ይበላሻል። እኔ ቆቦ ፍርድ ቤት ደጃፍ ማመልከቻ እየጻፍኩ የማድር ሰው ነኝ። ፊደል ያለበት ነገር ካየሁ ዓይኔ አይታዘዘኝም። የሳሙና ካርቶን አነባለሁ፤ የጨው ከረጢት አነባለሁ። ባለቤቴ በርበሬ የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ከእጄ ለመቀማት ስትታገል ስንት ጊዜ ወጥ አርሮባታል!

አማቴ ጋሽ ካሳው ሮቢት አጠገብ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ጥር ላይ ለአጥር የሚሆን ግራር ሲቆርጡ ምሳሩ ሸርተት አለና ቅልጥማቸውን አገኛቸው። ቁስሉ አልደርቅ አለ። ቅጠል ተሞከረ፣ ጠበል ተሞከረ፣ መርፌ ተሞከረ፤ ጭራሽ ባሰበት። በመጨረሻ ቆቦ ያለች አንዲት ነርስ ለብቻዬ ጠራችኝና፣ ቁስሉ ካልደረቀ ወደ ትልቅ ሆስፒታል እንደሚላኩ፣ እዚያም እግራቸውን እስከመቁረጥ ሊደረስ እንደሚችል ነገረችኝ። አሁን ስቀልድ አትዩኝ፤ ያን ቀን አንድም ማመልከቻ አልጻፍኩም። እርሻቸውን በእግራቸው ሳይዞሩ ቁርስ የማይቀምሱ ሰው ናቸው፤ ምን ብዬ ልንገራቸው?

ነርሷ አንድ የቀራት ነገር ነበር፤ ከውጭ በእርዳታ የመጣ ነጭ ስስ ጨርቅ። ቁስሉ ላይ ለጥፋ በፋሻ አሰረችው፤ እቤት የሚቀየርም ጥቂት እሽግ ሰጠችን። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የቁስሉ ዳር ዳር ንጹሕ ቀይ ሥጋ ማውጣት ጀመረ። ለሁለተኛ ጊዜ ስንሄድ ነርሷ ራሷ አጨበጨበች።

ታዲያ እዚህ ላይ ዝም ብል ምን ነበረበት?

ከቆቦ ወደ ሮቢት በሚኒባስ ስንመለስ አማቴ በመስኮቱ በኩል፣ ከገበያ የሚመለሱት ጎረቤታቸው ሐጂ ሰይድ መሐል፣ እኔ ዳር ተቀምጠናል። አዲሱ እሽግ ኪሴ ውስጥ ነው። አወጣሁት። አነበብኩት። ያልገባኝን ቃል ስልኬን ጠየቅኩ። ከዚያም ዕውቀቴ እንዳይባክን ድምፄን ከፍ አድርጌ ለመላው ተሳፋሪ ማስረዳት ጀመርኩ። ይህ ጨርቅ የተሠራው ሽሪምፕ ከሚባል የባሕር ፍጥረት ቅርፊት ነው። ሥጋው ተበልቶ የሚጣለውን ቅርፊት ይሰበስቡና ዘፍዝፈው፣ አጥበው፣ ፈጭተው ካይቶሳን የሚባል ነገር ያወጡለታል። ደም ያቆማል፣ ቁስል ያደርቃል። የአንበጣ ቅርፊትም ከዚሁ ዓይነት ነገር የተሠራ ነው ብዬ ከራሴ ጨመርኩበት። ማን ጠየቀኝ?

አማቴን መጀመሪያ ያሳሰባቸው አንበጣው ነበር። ያ ማሽላቸውን ሙልጭ አድርጎ የበላ መንጋ ሁሉ መድኃኒት ከነበረ ለምን ያኔ እንዳልነገርኳቸው ወቀሱኝ። ቀጥለው ሽሪምፕ የሚባለው ምን እንደሚመስል ጠየቁኝ፤ እኔም፣ ጥፋቴ እንዳይጎድል፣ ፎቶውን በስልኬ አሳየኋቸው። ጢሙን አዩ። እግሩን ቆጠሩ። አማተቡ። ከዚያም በእኛ አገር ሥጋ ነክ ነገር ሲቀርብ ማንም ሳያጣራ የማያልፈውን ጥያቄ ጠየቁ፤ "ማን አረደው?"

መቼም ታውቁታላችሁ። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ለቅሶውንም ሰርጉንም፣ ደቦውንም ዕድሩንም ይካፈላል፤ ሥጋ ላይ ሲደርስ ግን ድስቱ ሁለት ነው። ማሸጊያው ደግሞ የአራጁን ሃይማኖት አልጻፈም። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ሴት፣ "ፈረንጅ ነው የሚያርደው" አለች፤ አንዱ ደግሞ ቻይና ሳይሆን አይቀርም ብሎ ተከራከራት። በዚያ ላይ ሁዳዴ ነው! አማቴ ጎንበስ ብለው ፋሻቸውን መፍታት ጀመሩ። ሹፌሩ በእኔ መኪና ውስጥ ቁስል አይፈታም ብሎ ጮኸ። እኔ እጃቸውን ያዝኩ። እግርዎን ሊያጡ ነው ልላቸው ፈለግሁ። ያ ሁሉ ሲያነበንብ የነበረ አፍ በሚያስፈልግበት ሰዓት ተዘጋ።

ያዳኑን ሐጂ ሰይድ ናቸው። በወጣትነታቸው በአፋር በኩል እስከ ጅቡቲ እየወረዱ ነግደዋል። "አብሽር አያ ካሳው" አሉና፣ ይህን ፍጥረት ወደብ ላይ በዓይናቸው እንዳዩት፣ እንደ ማሽላ በከረጢት እንደሚራገፍ፣ ቢላዋ የሚያነሳበት ሰው እንደሌለ ተናገሩ። ስለዚህ ከናንተም ድስት አይደል፣ ከኛም ድስት አይደል ብለው ደመደሙ። አማቴ ጾሙስ ብለው ያዟቸው። ሐጂ ለዚህም መልስ አላጡም። "አንተ ጹም። የታመመው እግርህ ነው፤ በሽተኛ ደግሞ በናንተም በኛም ይፈቀድለታል።"

አማቴ ሮቢት ልንደርስ ስንል ፋሻውን መልሰው አሰሩ። እሳቸው ጾማቸውን እንደሚጾሙ፣ እግራቸው ግን የራሱን እንዲያውቅ፣ እግራቸውን በቁጣ እያዩ ተናገሩ። ባለቤቴ ወሬው ሲደርሳት ሦስት ቀን አላናገረችኝም።

ፋሲካ ላይ ቁስሉ ተዘግቶ አማቴ ያለ ምርኩዝ ቆመው እንግዳ ተቀበሉ። አላፍርም፣ አልቅሻለሁ። እንደ ወጉ ለእኛ በግ፣ ለሐጂና ለቤተሰባቸው ፍየል ቀርቦ ነበር። ሐጂ ፍየሉን በገዛ እጃቸው አርደው ቆዳውን ሲገፍፉ ቢላዋው አውራ ጣታቸውን ገመሰው፤ ደሙ አልቆም አለ። አማቴ ወደ ጓዳ ገብተው የቀረችውን አንዲት እሽግ ይዘው እየሮጡ መጡ። እየሮጡ! ሐጂ ደም የሚያንጠባጥብ ጣታቸውን ወደኋላ ሸሸግ አደረጉና፣ ፊታቸውን አኮሳትረው "ማን አረደው?" አሉ። ግቢው በሳቅ ሞላ። አማቴ ግን ጣታቸውን ጎትተው እየለጠፉላቸው፣ "ዝም በል፤ ከሦስተኛው ድስት ነው" አሏቸው።

ደሙ ቆመ። እኔም ይህ እንዴት እንደሚሆን ለእንግዶቹ ላስረዳ ብዬ ማሸጊያውን መፈለግ ጀመርኩ። መሬት ላይ የለም፤ መደቡ ላይ የለም። ቀና ስል ባለቤቴ ምድጃው አጠገብ ቆማ እያየችኝ ነው። ከበጉ ድስት ሥር ማግዳዋለች።