የሚያጠቡ እናቶች ሊቀመንበር

[ከሰዓት በኋላ፣ ሳሎን ውስጥ። ታጥበው የተሰጡ የሕፃን ጨርቆች ወንበሩን ሁሉ ይዘውታል። የመኝታ ቤቱ በር ተዘግቷል፤ ከውስጥ የአራስ ልጅ ለቅሶ ይሰማል። በሩ ፊት ለፊት ሁለት ሰዎች አንድ ትራስ ግራና ቀኝ ይዘው ይጓተታሉ። አንደኛው አባወራው ነው። ሥራው ስልጠና መስጠት ነው፤ ከመሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት እየዞረ የሚያውቀውንም የማያውቀውንም ያሰለጥናል። እስከ ዛሬ ያስቆመው ሰው ስለሌለ አዋቂ መሆኑን ከልቡ አምኗል። ክራባቱን አስሯል፤ ብብቱ ሥር የፕላስቲክ አሻንጉሊት ሸጉጧል። ሁለተኛው የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው፤ ጎሚስታ ነው፣ ጎማ ይጠግናል። ነገር ቶሎ አይገባውም ይባላል። የሚለው ግን አሰልጣኙ ብቻ ነው።]

አሰልጣኙ፦ ልቀቅ እንጂ!

ጎሚስታው፦ አንተ ልቀቅ ጋሼ።

አሰልጣኙ፦ ይሄ የስልጠና ቁሳቁስ ነው!

ጎሚስታው፦ የእታለም ትራስ ነው። ልጁን ስታጠባ ክንዷ ሥር ታደርገዋለች።

አሰልጣኙ፦ እኮ! እሷ የምትጠቀምበት ለአንድ ልጅ ነው። እኔ ግን ለአንድ አዳራሽ ሕዝብ ነው የማሳይበት። የቱ ይበልጣል?

ጎሚስታው፦ [አሰብ አድርጎ] ልጁ ያለው እዚህ ነው ብዬ ነው።

አሰልጣኙ፦ አየህ? አርቀህ አታስብም። እኔ እኮ የሚያጠቡ እናቶች መረዳጃ ማኅበር ሊቀመንበር ነኝ! በሌለሁበት፣ በሙሉ ድምፅ ነው የተመረጥኩት!

ጎሚስታው፦ ስላልነበርክ ነው ሙሉ ድምፅ የሆነው?

አሰልጣኙ፦ አዎ! ብኖርማ በትህትና እቃወም ነበር።

[ትራሱን መንጭቆ ይወስዳል። ከውስጥ ለቅሶው ይብሳል።]

አሰልጣኙ፦ [በሩን እያንኳኳ] ውዴ! አያያዝ! አያያዝሽን አስተካክዪ! አፉን በደንብ ሳይከፍት አታስጠጊው ብዬሻለሁ! ትከሻሽን ዘና አድርጊ! ሰማሽ? አሁኑኑ ዘና በዪ!

ጎሚስታው፦ ጋሼ፣ እየጮህክባት እንዴት ዘና ትላለች?

አሰልጣኙ፦ ጩኸት አይደለም፤ ክትትልና ድጋፍ ነው። ዛሬ ጠዋት ቁጭ አድርጌ ስህተቶቿን በሙሉ፣ አንድም ሳላስቀር፣ በቅደም ተከተል አስረዳኋት። ምን ያደረገች ይመስልሃል?

ጎሚስታው፦ አለቀሰች።

አሰልጣኙ፦ እንዴት አወቅህ?

ጎሚስታው፦ ጎማ ቤት ደውላልኝ ነው ያለቀሰችው። ጡቷ ቆስሏል ጋሼ። ልጁን ባስጠጋችው ቁጥር ጥርሷን ነክሳ ነው። «ማጥባት እፈልጋለሁ፤ ግን አልቻልኩም። ዛሬም እንደዚህ ከሆነ እተወዋለሁ» ነው ያለችኝ። ድምፅዋን ብትሰማው ሆድህ ይባባል።

አሰልጣኙ፦ አትተወውም! የሊቀመንበሩ ሚስት ከተወችው እኔ በምን ፊቴ መድረክ ላይ እቆማለሁ?

ጎሚስታው፦ የምታጠባው አንተ ነህ?

አሰልጣኙ፦ በአመራር ደረጃ፣ አዎ።

[አሻንጉሊቱን ከብብቱ አውጥቶ ክንዱ ላይ ያስተኛዋል። እግሯ ወደ ላይ፣ ራሷ ወደ ታች ሆኗል።]

አሰልጣኙ፦ ተመልከት። አቀማመጥ እንዲህ ነው። ይቺ አንድ ቀን አልቅሳ ታውቃለች?

ጎሚስታው፦ አታውቅም።

አሰልጣኙ፦ ለምን? አያያዝ! ልጄም እንደሷ እንዲሆን ነው የምደክመው።

ጎሚስታው፦ [በመስኮት ወደ ውጭ አየት አድርጎ] እሱስ ልክ ነህ። ግን ጋሼ፣ የማኅበሩ ስብሰባ አይረፍድብህም?

አሰልጣኙ፦ ሊቀመንበር አይረፍድበትም። ሌላው ነው ቀድሞ የሚመጣው።

ጎሚስታው፦ እናቶቹ እንዳይጠብቁህ ብዬ ነው።

አሰልጣኙ፦ እናቶቹ? እናቶቹማ አይመጡም።

ጎሚስታው፦ የእናቶች ማኅበር አይደለም እንዴ?

አሰልጣኙ፦ ነው! ግን የሚያጠባ ሰው ለስብሰባ ጊዜ ከየት ያመጣል? ባሎቻቸውን ነው የላኩት። ሁሉም አመራር ናቸው። ምክትል ሊቀመንበር አለ፣ ጸሐፊ አለ፣ የግንዛቤ ክፍል ኃላፊ አለ፣ የክትትል ክፍል ኃላፊ አለ፣ እሱን የሚከታተል ደግሞ ሌላ አለ።

ጎሚስታው፦ ተራ አባልስ?

አሰልጣኙ፦ ተራ አባል ለጊዜው የለንም።

ጎሚስታው፦ ታዲያ ምን ትሠራላችሁ?

አሰልጣኙ፦ እኔ እናገራለሁ፣ እነሱ ያዳምጣሉ። እንደነሱ ያለ አድማጭ በዕድሜዬ ገጥሞኝ አያውቅም! ባለፈው አንዱማ ነገሩ ውስጡ ገብቶ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር የሚያዳምጠው። አፉንም ከፍቶ።

ጎሚስታው፦ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

አሰልጣኙ፦ ምን አልክ?

ጎሚስታው፦ ጥሩ ማኅበር ነው አልኩ።

[የውጭው በር ይንኳኳል። ጎሚስታው ተንደርድሮ ይከፍታል። አንዲት ሴት ልጇን በጋሪ እየገፋች ቆማለች። ፈገግ ብላ ልትገባ ስትል አሰልጣኙን ታይና ክው ትላለች።]

አሰልጣኙ፦ ማን ናቸው?

ጎሚስታው፦ ደ... ደንበኛዬ ናት። የጋሪዋ ጎማ ተንፍሶባት ነው።

አሰልጣኙ፦ ታዲያ ቤቴ ድረስ?

ጎሚስታው፦ ጎማ ቤቱን ዘግቼ መጣኋ።

[ሴትየዋ ልጇን ብድግ አድርጋ፣ አንገቷን ደፍታ፣ በአሰልጣኙ ጎን ሾልካ መኝታ ቤት ትገባለች። በሩ ይዘጋል።]

አሰልጣኙ፦ ወዴት ነው የምትገባው?

ጎሚስታው፦ እስክጠግንላት አረፍ ትበል ብዬ ነው። እዚህማ ወንበሩን ጨርቅ ይዞታል።

[አሰልጣኙ ጋሪው አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ጎማውን በጣቱ ይጫናል። ደግሞ ይጫናል።]

አሰልጣኙ፦ ቆይ ቆይ። ይሄ እኮ ድፍን ፕላስቲክ ነው!

ጎሚስታው፦ እህ?

አሰልጣኙ፦ አየር የለውም!

ጎሚስታው፦ እኔስ ምን አልኩህ? አየር የለውም።

አሰልጣኙ፦ ኧረ ድሮም አልነበረውም!

ጎሚስታው፦ እንዲህ ከቆየማ ከባድ ነው። ሥራው ጊዜ ይወስዳል።

አሰልጣኙ፦ [ራሱን እየነቀነቀ] አንተን አምኖ መኪናውን የሚሰጥ ሰው አለ?

[በሩ እንደገና ይንኳኳል። ሁለት ሴቶች፣ ሁለት ጋሪዎች። ጎሚስታው በዓይኑ ይጠቅሳቸዋል፤ እነሱም ልጆቻቸውን ታቅፈው ተከታትለው መኝታ ቤት ይገባሉ።]

አሰልጣኙ፦ የነዚህም ተንፍሶ ነው?

ጎሚስታው፦ መንገዱ ሚስማር ሆኗል አሉ።

አሰልጣኙ፦ ድፍን ጎማ በሚስማር አይተነፍስም ስልህ!

ጎሚስታው፦ አንተማ ታውቃለህ። እነሱ አያውቁም። ማን ግንዛቤ ሰጥቷቸው?

አሰልጣኙ፦ [ፊቱ ይፈካል] አየህ! አየህ! የግንዛቤ እጥረት! እኔ ሁልጊዜ የምለው ይሄን ነው! [ክራባቱን ያጠብቃል] ሦስት እናቶች በአንድ ክፍል! በል ገለል በል፣ ገብቼ ላሰልጥናቸው።

ጎሚስታው፦ [በሩን በጀርባው ደግፎ] ኧረ ጋሼ፣ አዳራሽ እያለልህ? ሊቀመንበር በጓዳ ያሰለጥናል?

አሰልጣኙ፦ እሱስ... ክብሩን አይመጥንም።

ጎሚስታው፦ አይመጥንም።

አሰልጣኙ፦ ግን አጭር መግቢያ ብቻ...

[ድንገት ለቅሶው ይቆማል። ሁለቱም ባሉበት ደርቀው ይቀራሉ። በበሩ በኩል ጉርጭ፣ ጉርጭ የሚል ትንሽዬ የመዋጥ ድምፅ ይሰማል። ከዚያ የሴቶች ሳቅ። ከሳቆቹ አንዱ የሚስትየዋ ነው።]

አሰልጣኙ፦ [በሹክሹክታ] ያዘው! ጠባ! የጠዋቱ ስልጠና ፍሬ አፈራ!

ጎሚስታው፦ ሴቶቹ ከገቡ በኋላ ነው እኮ የጠባው።

አሰልጣኙ፦ እነሱ ምን ያውቃሉ? የጎማቸውን ድፍንነት እንኳ... [ያቆማል] ቆይ። ሳቀች እንዴ?

ጎሚስታው፦ ሳቀች።

አሰልጣኙ፦ ከወለደች ወዲህ ስትስቅ ሰምቼ አላውቅም።

[ውስጥ እንደገና ይሳቃል።]

አሰልጣኙ፦ ምን እያሏት ነው?

ጎሚስታው፦ [ጆሮውን በሩ ላይ አድርጎ] አንዷ «እኔም እንዳንቺው ቆስዬ፣ ልጁን አስቀምጬ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቅስ ነበር» እያለቻት ነው።

አሰልጣኙ፦ እሱ ምኑ ነው ስልጠና?

ጎሚስታው፦ እኔ ምን አውቄ። ሌላዋ ልጁን በጎኑ አዙራ አስተኝታላታለች። ክንዷን የምታሳርፍበት ትራስ የለም ወይ እያለች ነው።

[አሰልጣኙ እጁ ላይ ያለውን ትራስ ያየዋል።]

አሰልጣኙ፦ ...እነዚህ ሴቶች ከዚህ በፊትም መጥተው ያውቃሉ?

ጎሚስታው፦ ለጎማ ነው ወይስ...

አሰልጣኙ፦ ጎማውን ተወው!

ጎሚስታው፦ መጥተዋል። አንተ ስብሰባ በሄድክ ቁጥር ይመጣሉ። ሲመጡ ይሻላታል፤ አንተ ስትመለስ ይብስባታል። ትናንት ስብሰባ አልነበረህም፣ ይኸው ዛሬ ጠዋት ልትተወው ደረሰች።

አሰልጣኙ፦ እና ማኅበሩ...

ጎሚስታው፦ ማኅበሩ እዚህ ውስጥ ነው ጋሼ።

አሰልጣኙ፦ እኔ የምመራውስ?

ጎሚስታው፦ አንተ የምትመራው ውጭ የሚቆየውን ክፍል ነው።

[አሰልጣኙ እርጥብ ጨርቅ ላይ ቁጭ ይላል። መርጠቡንም ልብ አላለውም።]

አሰልጣኙ፦ ከቤት እንድወጣላቸው ነው የመረጡኝ።

ጎሚስታው፦ በሙሉ ድምፅ።

አሰልጣኙ፦ አንተስ? አንተ ስለ ማጥባት ምን ታውቃለህና ነው በር ላይ ያቆሙህ?

ጎሚስታው፦ ምንም አላውቅም። ለዚህ ነው ያቆሙኝ። ዝም አይነቅዝም ጋሼ።

[አሰልጣኙ አንገቱን ይደፋል። ልቡ በእውነት ተሰብሯል። ግን የዕድሜ ልክ አመል ነውና ብዙ ሳይቆይ ቀና ይላል።]

አሰልጣኙ፦ ቆይ! የአዳራሹ ባሎች ግን ይሄን አያውቁም!

ጎሚስታው፦ [ፊቱን አዙሮ] እ...

አሰልጣኙ፦ የዋሆች! ሚስቶቻቸው እንዲህ ሲጫወቱባቸው እያንዳንዱ የክፍል ኃላፊ ሆኛለሁ ብሎ ይኮራል! ቢያውቁ ሮጠው መጥተው ቤቱን ይበጠብጡታል። አይሆንም። ምስጢሩን እኔ እይዘዋለሁ። እዚያው አዳራሽ ውስጥ አግቼ አቆያቸዋለሁ። ለባለቤቴ ስል! አመራር ማለት እንግዲህ ይሄ ነው።

ጎሚስታው፦ ጋሼ፣ ባትደውል ይሻላል...

[አሰልጣኙ ደውሎ ድምፁን ከፍ ያደርገዋል። ከስልኩ ውስጥ የካርታ ጨዋታ ሁካታ ይሰማል።]

አሰልጣኙ፦ ክቡር ምክትል ሊቀመንበር! ትንሽ ልዘገይ ነው። እስከዚያው ማንም ካዳራሹ እንዳይወጣ! ማንም ቤቱ እንዳይሄድ!

የስልኩ ድምፅ፦ እንዴ! አንተ ገና ቤት ነህ? ኧረ ጉድ! ሴቶቹ እኮ ከወጡ ቆይተዋል! ሚስቴ ምን ልትለኝ ነው? «እሱን ብቻ ያዙልን፣ ሌላ ምንም አንጠይቃችሁም» ብለውን ነው እዚህ የተጎለትነው!

አሰልጣኙ፦ ታውቁ... ነበር?

የስልኩ ድምፅ፦ ካንተ በቀር ያላወቀ ማን አለ? ባክህ ቶሎ ና! ያ እንቅልፋሙ እንኳ ዛሬ ቡና ጠጥቶ ነው የመጣው፣ ላንተ ሲል!

[አሰልጣኙ ስልኩን ይዘጋል። አሻንጉሊቷን ቀና አድርጎ፣ ራሷን ወደ ላይ መልሶ፣ ወንበር ላይ ያስቀምጣታል። ጎሚስታው የጋሪውን ድፍን ጎማ ያሽከረክራል።]

ጎሚስታው፦ አይዞህ ጋሼ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል እንጂ...

አሰልጣኙ፦ እሽሽ።

[ጫማውን ያወልቃል። በካልሲው ድምፅ ሳያሰማ ወደ መኝታ ቤቱ በር ይሄዳል። በሩን ገርበብ አድርጎ ትራሱን በክፍተቱ ያስገባና እጁን ቶሎ ይሰበስባል። ደጋግሞ ሊናገር አፉን ይከፍታል፤ ደጋግሞ ይዘጋዋል። በመጨረሻ በሩ ሥር ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ የልጁን ጉርጭ ጉርጭ ያዳምጣል። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።]

የሚስትየዋ ድምፅ፦ [ከውስጥ] እሰይ፣ ትራሱ መጣልኝ! አንተ ወንድሜ፣ ጋሼ ወጣ እንዴ?

[ጎሚስታው ወለሉ ላይ የተቀመጠውን ሊቀመንበር ያየዋል።]

አሰልጣኙ፦ [በሹክሹክታ] ወጥቷል በላት።