ሰላምታዬ ደረሳቸው፣ ክትባቱ ቀረ

ወገን፣ ዛሬ በገዛ ሰላምታዬ ተዋረድኩ!

በስድብ የተዋረደ ሰው ታውቃላችሁ። በስካር የተዋረደም ታውቃላችሁ። "ደህና ናችሁ ወይ?" ብሎ የተዋረደ ግን ከእኔ በፊት ያለ አይመስለኝም።

ለማታውቁኝ፣ ታሪኩ እባላለሁ። ሱሉልታ ውስጥ አንድ ጤና ጣቢያ የክትባት አስተባባሪ ነኝ (የጤና ጣቢያውን ስም አልናገርም፣ እንጀራዬ ነው)። በክትባት ፕሮግራም ላይ ለውጥ ሲመጣ፣ በአካባቢያችን ክትባት ለሚሰጡት ጤና ኬላዎችና የግል ክሊኒኮች የማሳውቀው እኔ ነኝ።

በቃ፣ ሥራዬ ይኸው ነው። ማሳወቅ!

ሰሞኑን አዲስ መመሪያ መጣ። ሕፃን እንደተወለደ በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ የጉበት ቫይረስ መከላከያ ክትባት ይሰጠው የሚል። ክትባቱ ቀድሞ በየፍሪጁ ገብቷል። የቀረው "ከዛሬ ጀምሮ ስጡ" ማለት ብቻ ነበር።

ይሄ ምን ይከብዳል? ለዚያውም ለእኔ?

አያችሁ፣ እኔ ጽሑፍ አልወድም። ቮይስ ነው የምልከው። ለምን ብትሉ ድምፅ አለኝ! "ሬዲዮ ላይ መግባት ነበረብህ" የሚሉኝ ሰዎች አሉ። (አንዷ እናቴ ናት። ቢሆንም።)

ደግሞ ሰው ደህንነቱን ሳልጠይቅ ወደ ሥራ አልገባም። አስተዳደጌ ነው፣ ምን ላድርግ?

ከትናንት በስቲያ ጠዋት ደጅ ወጥቼ የቴሌግራም ግሩፓችንን ከፈትኩ። ማይኩን ተጫንኩ። "እንደምን አደራችሁ ውድ የክትባት ቤተሰቦች! አካም ቡልተን? ነጋዻ? ማቲን ነጋዻ? ቤተሰብ ደህና?"

ስለ ብርዱ አነሳሁ። ለወለደችው ባልደረባችን እንኳን ማርያም ማረችሽ አልኩ። አባቱ ያረፈበትን አጽናናሁ። ለሚጾሙ መልካም ጾም፣ ለማይጾሙ መልካም ምሳ ተመኘሁ። ማንም እንዲቀየምብኝ አልፈልግማ!

ከዚያ "ወደ ዋናው ጉዳይ ስመለስ..." ብዬ ዋናውን ጉዳይ አንድ በአንድ ተነተንኩ። ለማን፣ መቼ፣ እንዴት። ንግግር ሲጥመኝ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ጨፍኜ ተነተንኩ።

መልሱ ወረደ!

"ደርሶናል።" "ተረድተናል።" "ተግባራዊ እናደርጋለን።" "ግልጽና ጥልቅ ማብራሪያ!" አንዱማ "እንዲህ ያለ አስተባባሪ ያብዛልን" አለ። ስክሪንሾት አንስቼ ለባለቤቴ ላክሁላት።

ዛሬ ጠዋት ሲስተር አበበች ከበላይ ቢሮ ለክትትል መጡ። በዕድሜ እናቴን የሚያክሉ፣ ብዙ የማይናገሩ፣ መነጽራቸውን አውልቀው ሲያዩህ ያልሠራኸውን ጥፋት ሁሉ የምታምንላቸው ሴት ናቸው።

"መረጃው ታች ድረስ ወርዷል?" አሉኝ።

"ወርዷል ብቻ? እንሂድና በዓይንዎ ይዩታ!"

ምናለ አፌን ብዘጋ! ምናለ!

በመኪናቸው ወደ አንድ የግል ክሊኒክ ወሰድኳቸው። እዚያ የምትሠራው ነርስ ሲስተር ጫልቱ ጎበዝ ናት፣ ታኮራኛለች ብዬ ነው።

"ልጅ ሲወለድ አሁን የምታደርጉት አዲስ ነገር ምንድን ነው?" ሲሉ ጠየቋት።

ጫልቱ እሳቸውን አየች። ከዚያ እኔን አየች።

"መልእክቱ ደርሶናል" አለች።

"ጥሩ። ምን ይላል?"

"ደህና ናችሁ ወይ ይላል።"

ደሜ ፈላ! "አላዳመጥሽውም ማለት ነው!"

"ኧረ እስከ መጨረሻው ነው ያዳመጥኩት፣ ታሪኩ።"

"እስቲ ክፈቺው! አሁን! ሁሉም ይስማ!"

ከፈተችው። ድምፄ ክሊኒኩን ሞላው፣ መቼም ድምፅ አለኝ። "ማቲን ነጋዻ?" ስል ኮሪደሩ ላይ ወረፋ የሚጠብቁ አንዲት እናት "ነጋዻ፣ ገለተ ዋቃ፤ ደህና ነን፣ ፈጣሪ ይመስገን" ብለው መለሱልኝ። አጠገባቸው ያሉትም ተቀበሉ። ለሐዘንተኛው ስደርስ አንዱ ከንፈሩን መጠጠ። እኔ ደረቴን ነፍቼ ቆሜያለሁ።

"ወደ ዋናው ጉዳይ ስመለስ..."

ጭጭ።

አለቀ። ቮይሱ እዚያ ጋ አለቀ!

ለካ በብርድ የደነዘዘ አውራ ጣቴ ማይኩን ለቆታል። መልእክቱ ሄዷል። ያን ሁሉ ትንታኔ ዓይኔን ጨፍኜ ያቀረብኩት ለሱሉልታ ንፋስ ነው!

ታዲያ ያ ሁሉ ሰው "ተረድተናል" ያለው ምኑን ነው?!

ጫልቱ አንገቷን ደፋች። "ቀሪውስ ብዬ ልጽፍ ነበር። ሁሉም ተረድተናል ሲሉ፣ ያልገባው ለእኔ ብቻ መሰለኝና አፈርኩ" አለች። እሷም ከሁሉም ጋር "ደርሶናል" ብላ አለፈች።

ሲስተር አበበች መነጽራቸውን አወለቁ። ቁጣ ጠበቅሁ። አልተቆጡም። "ትናንት እዚህ የወለደ አለ?" ብቻ አሉ።

አለች። ትናንት ከሰዓት በኋላ የወለደች ልጅ ነበረች። ዛሬ ማለዳ አማቷ ኦቦ ቱፋ መጥተው፣ በጫንጮ መንገድ ወዳለው ቤታቸው ወስደዋታል። ክትባቱ ፍሪጅ ውስጥ ቁጭ ብሎ፣ ሕፃኑ ሳይከተብ ሄዷል። ሰዓቱም ሊሞላ ነው።

እዚህ ጋ ኩራቴ ጠፋ። ይሄ ቫይረስ በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ ሊተላለፍ ይችላል። ክትባቱ በደንብ የሚያስጥለው ቶሎ ሲሰጥ ነው። ይህን ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? ለንፋሱ ተንትኜዋለሁ እኮ!

ጫልቱ ክትባቱን በማቀዝቀዣ ሳጥን ይዛ መኪናው ውስጥ ገባች። ኦቦ ቱፋ ጋ ደወልኩ።

"ሄሎ! አካም ጅርታ? ነጋዻ?"

"ነጋዻ ኦቦ ቱፋ፣ ከጤና ጣቢያ ነው፣ ሕፃኑ..."

"ማቲን ነጋዻ? ልጆች ደህና? ሥራ እንዴት ነው? ብርዱስ?"

"ደህና ነው፣ ይመስገን፣ ግን ሕፃኑ..."

"ሎን ነጋዻ? ከብቶቹስ ደህና ናቸው?"

ከብት የለኝም! ኪራይ ቤት ነው የምኖረው! ግን አባቴ የሚሆኑ ሰው ሰላም ሲሉኝ እንዴት ብዬ ላቋርጣቸው? "ደህና ናቸው" አልኩ። የሌሉኝ ከብቶች ደህና ናቸው!

"ኦቦ ቱፋ፣ ወደ ዋናው ጉዳይ..."

ኔትወርክ ተቋረጠ።

ሲስተር አበበች ከፊት ወንበር ዘወር ሳይሉ "አሁን ገባህ?" አሉኝ።

ጫልቱ በመስኮት ወደ ውጭ ታያለች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። እየሳቀች ነው!

ቤቱ ስንደርስ ግቢው በጠያቂ ተሞልቷል። ሽማግሌዎች ተደርድረው ተቀምጠዋል። ኦቦ ቱፋ ብድግ ብለው ሁለት እጃቸውን ዘረጉልኝ። "ኮቱ! ግቡ! ገንፎው ሳይበርድ ደረሳችሁ!"

እዚያ ሁሉንም በየተራ ሳልጨብጥ ብገባ ነውር ነው። እየጨበጥኩ ብገባ ደግሞ ሰዓቱ ያልፋል።

"ሕፃኑ ክትባት ቀርቶታል! ሰላምታ በኋላ!" ብዬ ከበሩ ላይ ጮህኩ።

ኦቦ ቱፋ እጃቸውን እንደዘረጉ ቀሩ። በሕይወቴ የተዘረጋ እጅ ሳልጨብጥ ያለፍኩት ያኔ ብቻ ነው።

ግን ደረስን! ጫልቱ እናትየዋን አስረድታ፣ እሺ አሰኝታ፣ ሕፃኑን ጭኑ ላይ ወጋችው። ጩኸቱን አቀለጠው። በልጅ ለቅሶ እንደዚያ ተደስቼ አላውቅም።

ከዚያማ ተመልሼ ሁሉንም ጨበጥኩ። ገንፎም በላሁ። የተበላሸው ግን አልተስተካከለም። ስንወጣ ኦቦ ቱፋ ሲስተር አበበችን ዞር አድርገው ሲያጫውቷቸው ሰማሁ።

"ልጁ ሥራውን ያውቃል። ግን ምን ያደርጋል፣ አሳዳጊ የበደለው ነው።"

እባካችሁ ይህን ፖስት እናቴ እንዳታየው!

ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ለየክሊኒኩና ለየኬላው ደወልኩ። ሌላ ቦታ የተወለደች አንዲት ሕፃን ግን ሰዓቱ አልፎባት አገኘናት። ዘግይቶም ቢሆን ተሰጥቷታል። እሷን ሳስብ ግን መሳቅ አልቻልኩም። ጥፋቱን በብርዱና በጣቴ ላላክክ ብዬ ነበር። እውነቱ ግን፣ ሙገሳው ስለጣመኝ የላክሁትን መልሼ አላዳመጥኩም። አንዴ ባዳምጠው ኖሮ ያቺ ልጅ በሰዓቷ ትከተብ ነበር።

ከሰዓት ግሩፑ ላይ በጽሑፍ ለጠፍኩ። አጭር፣ ቀጥተኛ፣ ያለ ሰላምታ።

ወዲያው "ተረድተናል!" "ደርሶናል!" "ተግባራዊ እናደርጋለን!" አንዱ በግል መስመር "ምነው ታሪኩ፣ ምን አስቀየምንህ?" አለኝ።

"ምን ተረዳችሁ?" ብዬ ጻፍኩ።

ሁሉም ኦንላይን ነው፣ የሚጽፍ ግን የለም።

በመጨረሻ ጫልቱ ጻፈች። "እናትየዋ ቤቷ ብትወልድስ? ክትባቱን ይዞ የሚሄደው ማነው?"

ግሩፑ ከተከፈተ ጀምሮ የተጠየቀ የመጀመሪያው እውነተኛ ጥያቄ! በደስታ ልመልስላት ጣቴን አነሳሁ።

መልሱን አላውቀውም።

መመሪያውን ለሰው ስተነትን የከረምኩት ሰውዬ እስከ መጨረሻው አላነበብኩትም! እንደገና ሲስተር አበበች ጋ ደወልኩና "አልገባኝም" አልኩ። እሳቸውም "ጎሽ፣ እንዲህ ነው እንጂ" አሉኝ።

እና እናንተስ? እዚህ ድረስ ያነበበ አለ? ላይክ አልፈልግም። ምን እንደገባችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። "ተረድተናል" ያለኝን ሰው ግን ብሎክ ነው የማደርገው!